የዴልፊና ስድስት ተክሎች

ያን ሳምንት ዴልፊና ለአፍታ እንኳ አረፍ ማለት አልቻለችም። ስድስቱ የካናቢስ ተክሎች ጓሮዋ ውስጥ አብበው ሊቆረጡ አሥር ቀን ቀርቷቸዋል። ለመድኃኒት እንድታበቅል መንግሥት የሰጣት ፈቃድ ግን ጊዜው ካለፈ ሃያ ቀን ሆኖታል። እንዲታደስላት ያመለከተችው ቀኑ ሳያልፍ ነበር፤ የቀረው መልሱ ነው። ከአበባው የምታዘጋጀው ዘይት የልጇ የሮሲዮ መድኃኒት ነው። የሃያ አራት ዓመቷን ሮሲዮን ድሮ የሚጥል በሽታዋ በቀን ሦስት ጊዜ ይጥላት ነበር፤ አሁን ወር ሙሉ ደህና ትሰነብታለች።

«ቁረጪውና ገላግዪን!» አላት ታላቅ ወንድሟ አንሴልሞ፣ ማቴ የሚሉትን ሻይ እየመጠጠ። «ሽታው እኮ መንገድ ድረስ ይሰማል።»

«ዛሬ ቆርጬው፣ ክረምቱን ለልጄ ምን ልሰጣት ነው? ያንተን ምክር?»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት ሁለት ፖሊሶች፣ አንድ ጎልማሳና አንድ ወጣት፣ ቆመዋል። አፏ ቀደማት።

«አዎ፣ አሉኝ! ስድስት ናቸው፣ ግቡና ቁጠሩ! ፈቃዱ ቢያልፍም አመልክቻለሁ፤ ወረቀቱ ይኸው!»

ፖሊሶቹ ተያዩ።

«እማማ፣» አለ ጎልማሳው፣ «እኛ የመጣነው ከጎረቤትዎ ስለተሰረቀው ሞተር ሳይክል ልንጠይቅዎ ነበር።»

አንሴልሞ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«እንግዲህ አንዴ ሰምተናል፣» አለ ጎልማሳው እየተከዘ፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ምን እንደሚያደርጉ ሊጠይቅ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ደወለ። ዴልፊና ከበር ጓሮ፣ ከጓሮ በር ተመላለሰች። ሮሲዮ ወንበር ስባ ተክሎቹ ፊት ተቀመጠች።

«ከነቀላችሁ እኔንም አብራችሁ ውሰዱኝ፣» አለችው ወጣቱን ፖሊስ። «እናቴ ያበቀለችው ለኔ ነው።»



ጎልማሳው ስልኩን ዘጋ። «ማመልከቻው በጊዜው ስለገባ፣ መልሱ እስኪመጣ አትንኩ ተብለናል። ግን እማማ፣ ሌላ ጊዜ በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ‹ማነው?› ይበሉ።»

ሲወጡ አንሴልሞ ሳቁ አመለጠው። ዴልፊና ግን ደጃፉ ላይ ዘፍ ብላ እንባዋን ለቀቀችው።

ፈቃዱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ሁለት ጊዜ አነበበችውና መቀሱን ለሮሲዮ አቀበለቻት።

«ቶሎ በይ፣» አለቻት ቀና ብላ ሰማዩን እያየች፤ «ያ ደመና አላማረኝም።»