ልጄና የአማቴ ሚዛን

ልጄን ወልጄ ቤት በገባሁ ማግስት አማቴ ከእቅፌ መንትፋ ይዛው ወደ ሱቋ ወረደች። ሱቁ ከምንኖርበት ክፍል ሥር ነው፤ ወደ ደጅ ለመውጣት የግድ በደረጃው ወርዶ በስኳርና በሩዝ ጆንያ መሀል ማለፍ ያስፈልጋል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እያቃሰትኩ እስክወርድ ድረስ የሚዛኑ ሳህን ላይ ፎጣ አንጥፋ ልጁን አጋድማዋለች። ደንበኞቿም ዱቄት የሚመዘንላቸው ይመስል አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። መርፌው ተወዛውዞ ተወዛውዞ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ ላይ ቆመ። ሆስፒታል ሲወለድ ሦስት ከሁለት መቶ ነበር።

አማቴ ልጁ ይህን ያህል የጨመረው በቤቷ አየር መሆኑን ለሱቁ ሁሉ አስታወቀች። ትንሽ ቆየት ብላ ደግሞ ፍርድ እንዳይጓደል ወደ ደረቴ ጠቆም አድርጋ፣ ይቺም ብትሆን ቀላል አይደለችም አለች። ሩዝ ሊገዙ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጡቴን በታላቅ አክብሮት ተመለከቱት።

ፊት ለፊት «እማማ» እና «እርስዎ» እያልኩ ነው የማናግራት፤ እዚህ ግን ወሬው የራሴ ስለሆነ እንዳሻኝ ነው የምጠራት። ክፉ ሴት አይደለችም። ባሏ ከሞተባት ጀምሮ በዚያ ሱቅ ልጅ አሳድጋለች፣ አስተምራለች፣ ድራለች። ችግሯ አንድ ነው፤ ሹክ ስትል እንኳ መንገድ ማዶ ይሰማል። ስለዚህ የስፌቴ ሁኔታ፣ የሆድ ድርቀቴና የጡቴ ጫፍ መሰንጠቅ የሰፈሩ የጋራ ጉዳይ ነበሩ። አንድ ቀን ዳቦ ሻጩ በመስኮት አይቶኝ፣ አሁንስ ቁጭ ማለት ቻልሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ የውሃ መሥሪያ ቤት የቅሬታ ስልክ ተቀባይ ነኝ። ሥራዬ ስድብ መስማት ነው። ውሃ የጠፋበት ሰው ይደውላል፣ መጀመሪያ ይሰድበኛል፣ ሲደክመው ሰፈሩን ይነግረኛል፣ እኔም ለጠጋኞቹ አስተላልፋለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ስለኖርኩ ልጅ ማሳደግ አያቅተኝም ብዬ ነበር። ልጄ ግን ሰፈሩን የማይናገር ደንበኛ ሆነብኝ። ይጠባል፣ ያገሳል፣ ይቀየርለታል፣ ከዚያ ደግሞ ገና ሰላም ሳንባባል የገደልኩት ይመስል ይጮኻል። የማስተላልፍበት ክፍልም የለኝም። ባሌ የስፖርት መምህር ነው፤ ልጁ በጮኸ ቁጥር ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «በርቺ» ይለኛል። ምጥ ላይ እያለሁም እንደዚሁ ነበር፤ ፊሽካው ብቻ ነበር የቀረው።

እውነቱን ለመናገር ምንም አልሆነልኝም ነበር። ስጠቀልለው ይፈታል፤ ሳጥበው ከእጄ ሊሙለጨለጭ ምንም አይቀረውም። ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሴቶች ሁሉ ከእጄ ይቀበሉኝና እሱ ወዲያው ጸጥ ይላል፤ ጸጥ ሲል ደግሞ ቀና ብለው በሐዘኔታ ያዩኛል። እናትነቴን የሚመሰክርልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሚዛን። አማቴ በየጊዜው ልጁን ይዛ ትወርዳለች፣ ሰው ይሰበሰባል፣ መርፌው ይወጣል። ሦስት ከሰባት መቶ ሲሆን እኔው ራሴ ፀጉሬን አበጥሬ ወረድኩ። ቅዳሜ ዕለት ሦስት ከዘጠኝ መቶ ሲል ደግሞ ኩራቴን አልቻልኩትም፤ በእንቅልፍ እጦት ዓይኔ ጎድጉዶ፣ ሸሚዜ በወተት ርሶ፣ እንደ ሙሽራ ቆሜ እንኳን ደስ ያለሽ ተቀበልኩ።

ሰኞ ለምርመራ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ የልጁን ልብስ አስወልቃ የራሷ ሚዛን ላይ አስተኛችው። ሦስት ከአራት መቶ ሃምሳ። ተሳስተሻል አልኳት። ደግማ መዘነችው፤ ያው ነው። ቅዳሜ ሦስት ከዘጠኝ መቶ እንደነበር ስነግራት ቀና አለች። በየትኛው ሚዛን ብላ ጠየቀችኝ። በአማቴ የሱቅ ሚዛን አልኳት፤ ሴትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመዝን የኖረች ናት፣ በመመዘን ማንም አይስተካከላትም ብዬ አፌን ሞልቼ መሰከርኩ። የሚያሳዝነው ነገር ከዚያ ሱቅ በኪሎ ገዝቼ አለማወቄ ነው። ቤተሰብ ስለሆንኩ የምወስደው በእፍኝ ነበር።

ነርሷ የልጁን ምላስ አየች፣ ሆዱን ነካካች፣ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች። ከተወለደበት ኪሎ አንጻር ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበኝ ነበር አለችኝ፤ ነገር ግን ልጅ በሁለት ቀን ይህን ያህል ከቀነሰ አንድ ችግር አለ ማለት ነው። ቶሎ ቶሎ እንዳጠባው፣ ረቡዕ እንድመልሰው፣ ካልጨመረ ግን ሆስፒታል እንደሚተኛ ነገረችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ጠፋ የሚል ስልክ ሳነሣ ኖሬ፣ አሁን ውሃ የጠፋበት መስመር እኔ ራሴ ነኝ።

ቤት ገብቼ በጩኸት አለቀስኩ። ልጁም አለቀሰ። ባሌ የሚያደርገው ቢጠፋው ሩጦ ሄደና ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮና ጡጦ ገዝቶ መጣ። ቆርቆሮው ላይ አንዲት ጥርሷ የተሟላ ሴት ወፍራም ልጅ አቅፋ ትስቃለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

የገረመኝ የአማቴ ነገር ነው። ወሬውን ስነግራት ተሟግታ፣ ነርሷን ሰድባ፣ ሰፈር ትቀሰቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሾርባ ይዛ ትወጣለች፣ ልጁን ታየዋለች፣ እኔን ግን አታየኝም፣ ትወርዳለች። ድምጿ የጠፋው ተጸይፋኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጇን የምታስርብ ሴት ለልጇ አጋብታ መጸጸቷ ነው አልኩ። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ከእኔ ጋር አላወራም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ልጁን ጠቅልዬ ወረድኩ። ባሌ ከፊት ቦርሳውን ይዞ፣ ጡጦው ከቦርሳው ኪስ ብቅ ብሎ። ሱቁ ሞልቷል። ከጎረቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ ስኳር እያስመዘነች ነበር፤ ስታየኝ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ክፋት የላትም፣ የምታስበው ሁሉ ግን ሳይጣራ በአፏ ይወጣል። ጡጦ መጀመሬ ደግ መሆኑን ነገረችኝ። ወተታቸው ውሃ የሆነ ሴቶች አሉ፣ ለልጅ ሰውነት አይሆንም፣ የአክስቴም ልጅ እንዲሁ ሆና ነበር አለች። ሽማግሌውም ዛሬ ጡቴን ሳይሆን መሬት መሬት ነው የሚያዩት። እንባዬ ከደረቴ ወተት እኩል መጣ፤ ሁለቱም ሸሚዜ ላይ ወረዱ።

«ልጁ አልቀነሰም» አለች አማቴ።

ማንኪያው ከነስኳሩ በእጇ ላይ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ከባንኮኒው አላለፈም፤ ፀጉር ሠሪዋ ምን አልሽ ብላ ጠየቀቻት።

«አልቀነሰም አልኩ። የሚዋሸው ሚዛኔ ነው። በየኪሎው ይጨምራል። እሷ ምንም አላጎደለችም።»

ሽማግሌው በእጃቸው የያዙትን ሩዝ ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«አንቺ ከማግባትሽ በፊት።»

ፀጉር ሠሪዋ ሦስት ልጆች አሏት፤ ትልቁ ጢም አብቅሏል። ስኳሩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ እጇን አራገፈች።

አሁን ደግ ሴት ብሆን አቅፌያት አልቅሼ ነበር ብዬ እጽፍ ነበር። የተሰማኝ ግን ንዴት ነው፤ ከእግር ጥፍሬ የተነሣ ንዴት። ሁለት ቀን ሙሉ ልጄን ዓይኔ እያየ ያስራብኩት መስሎኝ፣ ቀን ማታ ሳላርፍ ጡቴ እስኪደማ ሳጠባ፣ እሷ ከሥሬ ቆማ ስኳር ትመዝን ነበር።

«ሳለቅስ ይሰሙኝ ነበር?» አልኳት።

«እሰማሽ ነበር።»

«ታዲያ?»

«መጀመሪያ እኔም አላወቅኩም። ከብዙ ጊዜ ብዛት እውነተኛ ኪሎ እየመሰለኝ ነበር የምኖረው፤ ልጁን ስመዝነው እንኳ ትዝ አላለኝም። ሰኞ ስትነግሪኝ ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ ስሜን ሳስብ ቆየሁ።» ማንኪያውን ጆንያው ውስጥ ሰካችው። «አሁን ግን ይቺ ወተትሽን ውሃ ስትልብኝ አልቻልኩም።»

ሽርጧን ፈታች፣ ደንበኞቹን አስወጣች፣ ሱቁን ዘጋች፣ እኛን ተከትላ መጣች። በመንገድ ላይ ባሌ አንዴ ዞር ብሎ እናቱን አያትና አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው፤ «በርቺ» ሊላት እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

ጤና ጣቢያው ወንበሮች ላይ ከሱቃችን የማይገዛ ሰው አልነበረም። ነርሷ ልጁን ከእጄ ተቀብላ፣ ያን ሦስት ከዘጠኝ መቶ ግን አሁንም ሊገባኝ አልቻለም አለች። አማቴ ወደ በሩ አየች። በሩ ክፍት ነው። ሊዘጋላት የተነሣ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተነሣሁም፣ ልዋሽ አልፈልግም። ያንኑ ቃል ደገመችው፤ ሚዛኔ ይሰርቃል፣ ልጁ ሦስት ከዘጠኝ መቶ ሆኖ አያውቅም፣ እናቱን አታስጨንቋት አለች። የራሷ ድምፅ ደግሞ በሚያስፈልግበት ሰዓት ተመልሶላት ነበር። ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ።

ነርሷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና ልጁን ሚዛኑ ላይ አስተኛችው። ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ብሎ ቆመ። ከሰኞው ሰማንያ ግራም ጨምሯል፣ ደህና ነው፣ የሚተኛበት ምክንያት የለም፣ ጡጦውንም መልሱት አለች።

ከሰው ስኳር ላይ ሰማንያ ግራም ስታስቀር ቅንድቧ የማይነቃነቅ ሴት፣ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ሚዛንሽ ልክ ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ነርሷን ጠየቀቻት። ነርሷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የአማቴን ፊት ስታይ ግን ተወችውና ልጁን አንሥታ እንደገና መዘነችው። ያው ሰማንያ። አማቴ ወንበር ፈልጋ ቁጭ አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ልጁም ርቦት ተነሣ። በሩ እንደተከፈተ፣ ኮሪደሩ እንደሞላ፣ ሸሚዜን ፈትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሰጠሁት። ሰማንያውም ግራም ከእኔ የወጣ ነበር፤ ማንም አልቀሸበበትም።