ዲስኩ ሲነቀል

አንጋፋውን ፕሮግራመር ከኋላው «ጋሼ ቆይ» ይሉታል። የማንንም ኮድ «ቆይ» ሳይል አሳልፎ አያውቅማ። በዚህ መሥሪያ ቤት ደግሞ መጀመሪያ የጻፈው ሰው ሳያጸድቅ ኮዱ አይነካም።

አዲሷ ፕሮግራመር ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። የተሰጣት ሥራ እሱ ጽፎ የተወው ነው። በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ምናባዊ ኮምፒውተሮችን የሚያሠራው ሃይፐርቫይዘር የተባለ ፕሮግራም፣ ከአንዳቸው ዲስክ ሲነቀል ሁሉንም ቀጥ ያደርጋቸዋል። ዳግመኛ ቀጥ ካለ ዕቃዋን እንድትሰበስብ አለቃዋ ፊት ለፊት ነግሯታል።

ጥፋቱን አገኘችው። ዲስኩን የሚነቅለው የኮዱ ክፍል፣ ነቃዩ፣ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ የሚይዘውን የዲስኩን ቁልፍ ጨብጦ የተጀመረው ንባብ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዲስኩ የሚያነበው ክፍል፣ አንባቢው፣ ደግሞ ለመጨረስ ያንኑ ቁልፍ ይፈልጋል። ተፋጠው ይቀራሉ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በጠዋቱ ስብሰባ የጋሼ ቆይን መስመር ትልቁ ስክሪን ላይ አውጥታ፣ ስሙን ጨምራ አነበበችው። ሰው ሳቀ። እሱ መነጽሩን ጠረገ።

ማስተካከያዋ አጭር ነበር፤ ነቃዩ መጠበቅ ከመጀመሩ በፊት ቁልፉን ይልቀቅ። ላከችለት። ወዲያው አጸደቀው።

ደስ ሊላት ሲገባ ጠረጠረች። ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ሰው የሚያስለቅስ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካው? ኮዷን ከላይ እስከ ታች እንደገና አነበበችው። ቁልፉ እንደተለቀቀ አዲስ ንባብ ሰተት ብሎ ሊገባ ይችላል፤ ዲስኩ ይነቀልና አንባቢው ባዶ ቦታ ሲዳብስ ሁሉም ነገር ይወድቃል። ነቃዩ ቁልፉን ከመልቀቁ በፊት ዲስኩ ላይ «ተሰናባች» የሚል ምልክት እንዲያደርግ፣ አዲስ መጪም ከደጅ እንዲመለስ አድርጋ ጻፈችው። ነቀለች፣ ሰካች፣ ነቀለች። ሃይፐርቫይዘሩ ሥራውን አላቋረጠም።

ጋሼ ቆይ ጠረጴዛ ድረስ ሄደች።

«ጋሼ፣ ቀዳዳውን አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«አይተህ ነው ያጸደቅክልኝ? እንጀራዬ እኮ ነው።»

«የኔስ ስም ስም አይደለም? ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ትክክል መሆኑ ይበልጥ አስጠላት። እሱም አዲሱን ኮድ መስመር በመስመር እየፈተሸ እንከን ሲያጣ ፊቱ ጠቆረ፤ አጸደቀው።

ሥራዋ ተረፈ። ሰላምታቸው ግን በዚያው ቀረ። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አንዱ ሌላውን ለማዋረድ ሲል የኮዱን እያንዳንዷን ፊደል ይበረብራል። ከዚያ ወዲህ ሃይፐርቫይዘሩ አንድም ቀን ቀጥ ብሎ አያውቅም።