መርዶ ነጋሪው ለቁርስ ሲጠሩ

ፍራንክፈርት የሚኖር አበሻ አቶ ዘውዴን የማያውቅ የለም፤ በሩን ሲያንኳኩ ማየት የሚፈልግ ግን አንድም አይገኝም። ሰውየው ክፉ ሆነው አይደለም። በተማሪነት መጥተው በስደተኝነት የቀሩ፣ በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ንድፍ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ደግ ሰው ናቸው። ነገሩ ሌላ ነው። ከአገር ቤት የሞት ወሬ በመጣ ቁጥር ለሐዘንተኛው የሚያረዱት እሳቸው ናቸው።

ለዚህ ሥራ ማንም አልሾማቸውም። የአበሻው ማኅበር ገና ሲቋቋም አባቱ የሞተበት አንድ ልጅ ነበር፤ ሁሉም እርስ በርስ ሲተያይ የእሳቸው ድምፅ የሰከነ ነው ተባለና ተላኩ። በዚያው የእሳቸው ሆኖ ቀረ። ከጊዜ በኋላ ሥርዓት አበጁለት። በማለዳ ይሄዳሉ። ብቻቸውን አይሄዱም፤ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ ደግፋ የምትይዝ ሴት አብራቸው ትኖራለች። የሞተውን ሰው ስም ቀድመው አይጠሩም። «ምንም የለም፣ ሁሉም ደህና ነው፣ እስቲ ቁጭ በይ» ብለው ይጀምራሉ፤ ከዚያ ትንሽ በትንሽ ወደ እውነቱ ይወስዷታል።

አንድ ጊዜ ኒድ በሚባለው ሰፈር የእናቷን መርዶ የተረዳች ሴት ስትጮህ፣ ጎረቤቷ ሰው የሚገደል መስሎት ፖሊስ ጠራ። ጎረቤትየው አይፈረድበትም። ፖሊሶቹም ነገሩ ሲገባቸው ደንግጠው አንደኛው ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ሴትዮዋ ግን እነሱን ባየች ጊዜ አፏን በመዳፏ አፈነች፤ እስከ ማታ ድምፅ አልወጣትም። አቶ ዘውዴ ያን መዳፍ አልረሱትም። ሰው የልቡን አልቅሶ የሚወጣለት ቦታ ሲፈልጉ ከርመው ዌስትሃፈን ጫፍ ላይ አገኙት።

ዌስትሃፈን እሳቸው ወደዚህ ከተማ ሲመጡ እውነተኛ ወደብ ነበር፤ ከሰል የሚራገፍበት፣ ክሬን የሚያቃስትበት፣ ውሃው በዘይት የሚያብረቀርቅበት። በኋላ ክሬኖቹ ተነሡ፣ መጋዘኖቹ ፈረሱ። በቦታው በረንዳቸው ውሃው ላይ የተንጠለጠለ ቤቶች ተሠሩ፤ ከሌላው ሰው ደጅ መኪና እንደሚቆም ከእነሱ ደጅ ጀልባ ይታሰራል። በአንደኛው ጫፍ፣ በፍሪደንስብሩከ ድልድይ በኩል፣ የአፕልቫይን፣ የዚያ አገር የፖም ጠጅ፣ ብርጭቆ የመሰለ ክብ የመስታወት ፎቅ ቆሟል። በሌላው ጫፍ ከዋናው ጣቢያ የሚወጡት ባቡሮች የማይንን ወንዝ የሚሻገሩበት የብረት ድልድይ አለ። ባቡር በላዩ ሲያልፍ ምድሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከሥሩ የቆመ ሰው የቱንም ያህል ቢጮህ ከአጠገቡ ካለው በቀር የሚሰማው የለም። አቶ ዘውዴ ሐዘንተኞቹን ወደዚያ ይወስዷቸው ጀመር። ባቡር ይመጣል፣ ሰው ይጮሃል። ባቡሩ ያልፋል፣ ሰው ትንፋሹን ይሰበስባል። ደግሞ ሌላ ይመጣል።

እንዲህ እንዲህ ሲል በአበሻው ዘንድ ዌስትሃፈን ማለት መርዶ ማለት ሆነ። ወጣቶቹ «ጋሽ ዘውዴ ለእግር ጉዞ ከጠሩህ መሐረብ እንዳትረሳ» እየተባባሉ ይቀልዳሉ። እሳቸውም ቀልዱን ሰምተው ስቀዋል።

ሲስቁ ግን በግብዣ ላይ ወንበራቸው አጠገብ ያለው ወንበር መጨረሻ እንደሚሞላ፣ ሰላም ሊሉት የቀረቡት ሰው መጀመሪያ ዐይናቸውን አይቶ የሚፈራውን ነገር እንደሚፈልግ ያውቁ ነበር። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ይህ ነገር ከበዳቸው። እንዲህ የማታደርጋቸው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የወርቅውሃ። ሽቫንሃይም ባለ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ የወልድያ ሴት ናት። ክረምቱን ጉንፋን ጥሏቸው ሳለ ሾርባ ይዛ መጥታ፣ «ጋሽ ዘውዴ፣ እርስዎ ቢሞቱ ለእርስዎ ማን ያረዳል ብዬ እኮ ነው የመጣሁት» ብላ አሳቀቻቸው። ከዚያ ወዲህ ምሽት ምሽት ይደዋወላሉ። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ከሁሉ በላይ ስላሳደጋት ወንድሟ ስለ ዘመንፈስ ታወራቸዋለች። አገሩ ታውኮ የእነ ዘመንፈስ ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቷል። በየቀኑ ትሞክራለች፤ በየቀኑ የምትሰማው ያችኑ ስልኩ አይሠራም የምትል የማሽን ሴትዮ ነው።

አቶ ዘውዴ አብራቸው እንድትኖር ሊጠይቋት ቆረጡ። ይህን ለማንም አልነገሩም፤ ሃምቡርግ ላለችው ልጃቸው ለአርሴማ ብቻ፣ ያውም ሲጨንቃቸው ነገሯት። እሳቸው በአማርኛ እየተንተባተቡ ሲያስረዱ እሷ እንደ ልማዷ በጀርመንኛ መለሰች። ደስ ብሏት አለቀሰች። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ በሰው መሀል እንዳትጠይቃት፣ ቆንጆ ቦታ ውሰዳት፣ ቁርስ ጋብዛት አለቻቸው። ቦታውንም እሷው መረጠች። ፍራንክፈርት ስትመጣ ከጓደኞቿ ጋር የምትቀመጥበት፣ ጀልባዎቹን እያዩ ቁርስ የሚበላበት ዌስትሃፈን ያለው ካፌ ነው። አርሴማ ከአገር ቤት መርዶ ተረድታ አታውቅም። ለእሷ ያ ቦታ ፀሐይና ውሃ ብቻ ነው።

አቶ ዘውዴ አንድ አፍታ አመነቱ። ኋላ ግን ካፌው በመስታወቱ ፎቅ በኩል ነው፣ የባቡሩ ድልድይ ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ ነው፣ ሁለቱ ምን አገናኛቸው ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። ዓርብ አመሻሽ ላይ ለየወርቅውሃ ደወሉ።

ነገ ጠዋት ዌስትሃፈን ብንገናኝ አሏት።

«ምነው ጋሼ፣ ደህና?» አለች።

«ደህና ነው። ስንገናኝ እንነጋገራለን።»

«በስልክ አይሆንም?»

«በስልክ የሚሆን አይደለም» አሉ በዚያ በሰከነ ድምፃቸው። ልባቸው እንዴት ይመታ እንደነበር እሳቸው ብቻ ያውቃሉ። «እሺ» ብላ ዘጋችው። እሺታዋን ሲሰሙ እንደ ልጅ ፈነጠዙ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥቁሩን ካፖርት ትተው ግራጫውን ለበሱ። ካፌው ቀድመው ደርሰው ውሃው ዳር ለሁለት ሰው የተዘጋጀ ጠረጴዛ ያዙ። ቢጫ ቱሊፕ ገዝተው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ በዛ መሰላቸውና ወንበር ላይ አዛወሩት። ቀኑ የጠራ ነበር። አንድ ሰውዬ ጀልባውን ያጥባል። ከበረንዳ በረንዳ ሁለት ሴቶች ሰላም ይባባላሉ። አቶ ዘውዴ ይህን ወደብ ያን ያህል ዘመን ተመላልሰውበት እንዲህ ያማረ መሆኑን ያዩት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በትንሿ የእግረኛ ድልድይ ላይ ሦስት ሴቶች ሲመጡ አዩ። መሀለኛዋ የወርቅውሃ ናት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። በቀኝ በኩል ጓደኛዋ ኣስካሉ፣ በግራ በኩል ደግሞ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ክንዷን ይዘዋታል። ፊቷ አብጧል። ሌሊቱን ሙሉ ያለቀሰች ሴት ፊት ነው፤ አቶ ዘውዴ ያን ፊት ከማንም በላይ ያውቁታል።

ምን እንዳደረጉ የገባቸው ያኔ ነው። ትናንት በስልክ ያሉት ቃል ሁሉ ተራ በተራ ጆሯቸው ላይ መጣ። ተነሥተው እየሮጡ ሊቀበሏት ሄዱ፤ መሮጣቸው ደግሞ ባሰ። የወርቅውሃ ሲመጡባት አይታ እዚያው ድልድዩ ላይ ተንበረከከች።

«የወርቅውሃ፣ ምንም የለም፣ ሁሉም ደህና ነው፣ እስቲ ተነሺ» አሉ።

ጮኸች። «ዘመንፈስ! ወንድሜ! አባቴ!» እያለች ደረቷን ደቃች። ሁለቱ ሴቶችም አብረው አለቀሱ። ጀልባውን የሚያጥበው ሰውዬ ቀና አለ። ባቡር አልነበረም የሚሸፍናት፤ ጩኸቷ ከመስታወቱ ፎቅ እስከ መጨረሻው ቤት ተሰማ።

«የሞተ ሰው የለም፤ እመኚኝ» አሉ አቶ ዘውዴ። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው የሰከነ ነው፤ ሌላ ድምፅ የላቸውም። «ደህና ነው እያልኩሽ ነው።»

ኣስካሉ በዚያ በከረን ሰው ቅላጼዋ፣ «ጋሼ፣ በቃ ይንገሯት፤ አያሰቃዩዋት። እኛ ይዘናታል» አለቻቸው።

አቶ ዘውዴ ያሏቸውን ቃላት ሁሉ ፈለጉ። ሁሉም ለመርዶ የዋሉ ነበሩ። ማንም የማያምናቸው አንድ ነገር ቢኖር ደህና ነው ማለታቸው ነበር። አንድ የሚሮጥ ወጣት ቆሞ ክራንከንቫገን፣ አምቡላንስ ልጥራ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ከካፌው ውሃ በብርጭቆ ይዛ መጥታ ለየወርቅውሃ ዘረጋችላት። ያኔ ሌላ መንገድ አልቀረም።

«ልጠይቅሽ ነበር የጠራሁሽ» አሉ አቶ ዘውዴ እሳቸውም ድልድዩ ላይ ተንበርክከው። «አብረን እንድንኖር ልጠይቅሽ። ቁርስ ልጋብዝሽ ነበር። አበባው እዚያ ወንበሩ ላይ ነው፤ ዞር ብለሽ እዪው።»

ኣስካሉ ዞር ብላ አየች። አበባው ነበረ። ለሁለት ሰው የተዘጋጀው ጠረጴዛም ነበረ።

«እና ለዚህ ነው በጠዋት ያስለቀሱን?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ጋሽ ዘውዴ፣ ሰው ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል። እርስዎ ሁልጊዜ ተላኪ ስለሆኑ መላክ ጠፋብዎት።»

የሥራ ባልደረባዋ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። የወርቅውሃ አልሳቀችም። ውሃውን ጠጥታ ለአሮጊቷ «ዳንከ» አለቻት። ከዚያ በቀስታ ተነሣች፤ ጠረጴዛው ጋ ሄደው ተቀመጡ፤ ሁለቱ ሴቶች ትንሽ ራቅ ብለው ድልድዩን ተደግፈው ቆሙ።

አቶ ዘውዴ ይቅርታ ጠየቁ። ስለ አርሴማ ምክር፣ ስለ ሁለቱ ጫፎች፣ ቦታው ውብ ስለመሰላቸው ነገሯት። አቋረጠቻቸው።

«ታዲያ ዘመንፈስ የት ነው?»

«አላውቅም።»

«ምንም አልሰሙም?»

«ምንም አልሰማሁም የኔ እመቤት።»

«አዩ፣ ትናንት ማታ አልቅሼለት ነበር» አለች ጠረጴዛውን እያየች። «ስልኩን ከዘጋሁት ጀምሮ። ልጅ ሆኜ አዝሎኝ ወንዝ ሲያሻግረኝ፣ ሰርጌ ቀን ሲያለቅስ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አንሥቼ አለቀስኩለት። ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ወሰደኝ። የእሱ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ እንደ ትናንት ተኝቼ አላውቅም፤ ቁርጡን አውቄያለሁ ብዬ። አሁን እርስዎ አልሞተም አሉኝ፤ ደስ ሊለኝ ይገባል። ግን ነገ ደግሞ ልደውል ነው። ያችን ሴትዮ ልሰማ ነው።»

አስተናጋጁ መጥቶ የምግብ ዝርዝሩን አስቀምጦ ሄደ፤ ሁለቱም አልነኩትም።

«እወድዎታለሁ እኮ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለሰው አፍሬ ነው እንጂ ካሰብኩበት ቆይቻለሁ። ከትናንት በፊት ቢጠይቁኝ እሺ እል ነበር። አሁን ግን አልችልም። ጠዋት ተነሥተው ‹የወርቅውሃ› ብለው በጠሩኝ ቁጥር ልቤ ሊቆም ነው። እንደዚያ አብሮ መኖር አይቻልም፤ ለእርስዎም ግፍ ነው።»

«ድምፄን መለወጥ አልችልም» አሉ።

«አይለውጡት።» እጃቸውን ያዘች። እጇ የወጥ ቤት ሴት እጅ ነው፣ ሻካራና ሙቅ። «አንድ ነገር ብቻ ቃል ይግቡልኝ። የዘመንፈስ ነገር የተሰማ ቀን ሌላ ሰው እንዳይልኩብኝ። እርስዎ ራስዎ ይምጡ።»

«እመጣለሁ» አሉ አቶ ዘውዴ።

ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አገላብጣ መልሳ ለበሰችው። አበባውን ለመውሰድ እጇን ልካ ነበር፤ ተወችው። ሦስቱ ሴቶች ድልድዩን ተሻግረው፣ በመስታወቱ ፎቅ ሥር አልፈው ወደ ትራሙ ሲሄዱ አቶ ዘውዴ እስኪጠፉ ድረስ አዩአቸው። አስተናጋጁ መጥቶ ሌላ እንግዳ ይጠብቁ እንደሆነ በትሕትና ጠየቃቸው። አይ፣ ማንም አይመጣም አሉት። ሁለተኛውን ሰሐን አነሣው።

አቶ ዘውዴ ዘመንፈስን አይተውት አያውቁም፤ በፎቶ እንኳ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ግን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ከሚስታቸው ስም ቀጥሎ የእሱን ስም ያነሣሉ፤ ዕድሜውን እንዲያረዝምለት፣ ከእሳቸው ዕድሜም እንዲያሳልፈው ይለምናሉ። የወርቅውሃ ከሴቶቹ በኩል ቆማ ታያቸዋለች። ምን እንደሚለምኑ አታውቅም። ልመናቸው ከሰመረ በሯን ሳያንኳኩ እንደሚሞቱ እሳቸው ያውቃሉ፤ ግን አንድም እሑድ አላጓደሉም።