ላስቲኩ ያልተነሳለት ቤት

ደላላው አህመዲን ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። እናቴ ወለሉ እንዳይጫር ብላ የመጣውን ሁሉ ታስወልቃለች። ከሪያድ በላክሁት ገንዘብ መካነ ሰላም ላይ ያሠራሁት ቤት ይሄው ነው፤ በሮቹ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። እኔና እናቴ የምንኖረው ጓሮ ካለችው ማድቤት ነው። ቤቱ አዲስ እንደሆነ ይሸጥ ብለን አንድ ቀን አላደርንበትም።

«ሱሀይላ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለኝ። «ከዐረብ አገር የሚላከው ብር ቀጥ ብሏል። ቤት የሚሸጠው በየሰፈሩ ነው፤ የሚገዛ ግን የለም። አምና ከጠራሽው ዋጋ ግማሹን የሚሰጥ አንድ ሰው አግኝቻለሁ። ነገ እሱም ይጠፋል።»

«ይጥፋ!» አልሁት።

«ኧረ ልጄ፣ ረጋ በይ» አለች እናቴ ደንግጣ።

«እማ፣ ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ወለል ስወለውል ኖሬ፣ የራሴን ወለል በካልሲ ነው የምረግጠው። ለማን ብዬ?»

የሳሎኑን በር ላስቲክ በጥፍሬ ይዤ ከላይ እስከ ታች ገሸለጥሁት።

«በአላህ ተይ!» ብሎ ጮኸ አህመዲን። «አሮጌ ነው ካሉ እኮ ግማሹንም አይሰጡሽም!»

ማድቤት ገብቼ የእናቴን ፍራሽ ተሸክሜ መጣሁና ገዢዎች እያዩ ከሚያደንቁት ትልቁ መኝታ ቤት ዘረጋሁላት። ስመለስ አህመዲን በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ ነው።

«ምሳ ሳትበላ የት ትሄዳለህ?» አልሁት። «ከነጫማህ ግባ። ሰው የሚኖርበት ቤት ነው።»