ዓሣ ልብ ልብ

ከጦርነቱ ሸሽተን ከርመን ወደ ሐይቅ ስንመለስ ከምግብ ቤታችን የተረፈልን ምድጃው፣ ጥቂት ዕቃና ግድግዳው ብቻ ነበር። ግድግዳውንም ከባድ መሣሪያ ሲያናጋው ቆይቶ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ተልጧል። የኛ ቤት ሜኑ ድሮም የሚጻፈው ግድግዳ ላይ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የድሮው በኖራ ይሸፈንና አዲስ ይጻፍበታል። አሁን ግን ሁሉም መንግሥታት በአንድ ግድግዳ ላይ ብቅ ብቅ ብለው ተፋጥጠዋል።

ከላይ ያለው የኔ ነው። በለውጡ ሰሞን ከጅዳ ስመለስ «የመደመር በያይነት» ብዬ አስጻፍሁ። ምኑ ከምኑ እንደሚደመር ደንበኛ ሲጠይቀኝ «አብሽር፣ ሁሉም አለበት» እል ነበር። ከሱ ወረድ ብሎ የደርግ ጊዜው «ሻይ ለጓዶች» ይላል፤ ጓድ ያልሆነው ምን ይጠጣ እንደነበር አልተጻፈም። ከሁሉም ሥር፣ በንጉሡ ማብቂያ ዘመን በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ አንድ መስመር አለ፦ «ዓሣ ልብ ልብ»።

ለብለብ ለማለት ነው። ሥጋው በየዘመኑ ሲወጣ ሲገባ ዓሣ ከሜኑአችን ጠፍቶ አያውቅም፤ ዓሣን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይበላዋል። እንዲህ ያለውን የተከበረ ምግብ ስሙን ማበላሸት ምን ይባላል? በዚያ ባለፍሁ ቁጥር «ይሄን ማይም ማን ቀጠረው?» እያልሁ ሰነበትሁ።

አባቴ ሀሚዱ ይሰማል። ከተመለስን ጀምሮ ምድጃውን አልነካም። ጀርባውን ለኩሽናው ሰጥቶ በሩ ላይ ይቀመጣል። «አባዬ፣ እንክፈት እንጂ» ስለው «ለማን?» ይለኛል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያበላ የኖረ ሰው ለማን ሲል መስማት አንጀቴን በላው። እንደተቀመጠ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።

ግድግዳው ነው ያስተከዘው ብዬ ኖራ በባልዲ በጠበጥሁ። ሁሉንም ሸፍኜ እንደ ጅዳዎቹ ባለፎቶ ሜኑ ልሰቅል ነው። ብሩሹን ሳነሳ አባቴ ከተቀመጠበት «የታችኛውን ተይው» አለኝ።

«እሱማ ስህተት ነው።»

«ይሁን፣ ተይው።»

ይሄኔ እትዬ ዋሲላ ዓሣቸውን በቅርጫት ይዘው ገቡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ለቤታችን ዓሣ የሚያቀርቡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ምላሳቸው ከቢላዋቸው የሰላ ሴት ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ዘግይተው፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ግድግዳው ፊት ቆመው እንደዚያ ጊዜው አነበቡ።

«ዓ፣ ሣ። ልብ። ልብ። ሀሚዱ፣ ይሄን የጻፍኸው አንተ አይደለህ? ያኔ ምን ይላል ብዬ ብጠይቅህ ለብለብ ነው አላልኸኝም?»

ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ለካስ ማይሙ አባቴ ኖሯል።

«ለብለብ ልጽፍ ነበር» አለ አባቴ መሬት መሬት እያየ። «ዓሣውን ይዘሽ በበሩ ስትገቢ እጄ ሳተ።»

እትዬ ዋሲላ በሰማያዊው ፊደል ላይ ጣታቸውን አሳለፉ።

«እኔ ማንበብ ስችል ደግሞ በኖራ ሸፍናችሁታል» አሉ። «አንተም አልተናገርህ፣ ግድግዳውም አልተናገረ፣ ሌላ አገባሁ።»

«እኔም አገባሁ። አላህ ይዘንላት።»

«ይዘንላት። ለሱም ይዘንለት።» ቅርጫታቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። «በል፣ ከሜኑው አምጣልኝ።»

«የለም።»

«የተጻፈ ነገር የለም ይባላል? ተነሥ።»

አባቴ ተነሣ። እኔ በሆዴ አልሐምዱሊላህ እያልሁ በርበሬና ዘይት ልለምን ጎረቤት ሮጥሁ፤ የኛው ተዘርፏል። ስመለስ አባቴ ቢላዋ እየሳለ ማንም ያልጠየቀውን የዓሣ አመራረጥ ያስተምራቸዋል፤ ዓሣ ለሚሸጡት ሴት። ሽታው መንገድ ላይ ወጥቶ ሁለት ሹፌሮች «ተከፈተ እንዴ?» ብለው አንገታቸውን አስገቡ። «ተቀመጡ» አላቸው፣ ማንንም ሳያማክር።

ለእትዬ ዋሲላ ግን ራሱ አቀረበላቸው። ቀመሱና «ጨው አንሶታል» አሉ። አባቴም ከዚያው ሳህን አንድ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዋሲላ» አለ።

«አቤት። የልብ ልብ ተሰማህ?»

«ትንሽ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ላክ። ሌላ መንግሥት እስኪለወጥ አልጠብቅህም።»

ሹፌሮቹ የሚበሉትን ጠየቅኋቸው። ወደ ግድግዳው ጠቆሙና እነሱም ከታችኛው እንዲሆንላቸው አዘዙ። ኖራዬ ባልዲው ውስጥ ደረቀ።