አስተኚዋ

ታላቂቱ የማደንዘዣ ሐኪም ናት፤ ታናሺቱ የቀዶ ጥገና ሐኪም። እህትማማቾቹ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ አልጋ ዙሪያ ይሠራሉ። በሽተኛ ሲነቃ የሚፈልገው ግን ታናሺቱን ነው። አበባውም፣ ምርቃቱም፣ መሳሙም ለሷ። ታላቂቱን ማን ያስታውሳል? ሥራዋ ያማረ ዕለት ምንም ነገር አልተፈጠረም ማለት ነው፤ ምንም ላልተፈጠረ ነገር ደግሞ ማን ያመሰግናል? ታናሺቱ ሰፍታ ወጥታ ሻይ ስትጠጣ፣ ታላቂቱ በሽተኛው እስኪነቃ እግሯ አብጦ ቆማ ትጠብቃለች። እውነቱን ለመናገር ቅናት አንጀቷን አሳርሮታል። "የገዛ እህቴ ናት፣ ልኮራባት ይገባል" ትላለች ለራሷ። ትኮራለችም። ኮርታ ኮርታ ትቃጠላለች።

እናታቸው የሐሞት ጠጠር ሲያማቸው ደግሞ ባሰባት። የክፍሉ ኃላፊ የገዛ እናትን መቅደድ ደግ አይደለም ቢል፣ እናት "ትንሿ ካልሆነች ሆዴን ማንም አይነካውም" ብለው ድርቅ አሉ። እሳቸው ድርቅ ካሉ ማን ሊያለዝባቸው! ኃላፊው ተሸነፈ። ታላቂቱን የጠራት የለም፤ ተረኛ ስለነበረች ገባች።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ተጋድመው፣ ታናሺቱ በወዲያኛው ክፍል እጇን ስትታጠብ፣ እናት ወሬያቸውን ቀጠሉ።

"ይቺ ልጅ እኮ ከድሮም እጀ ወርቅ ናት። አየሽ አይደል?"

"አየሁ፣ እማዬ።"

"አንቺም እንግዲህ አግዣት።"

አግዣት! ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ ቁም ስቅል፣ አግዣት! ታላቂቱ ማረጋጊያውን መርፌ አነሳች። መድኃኒቱ ፍርሃት ያባርራል፤ ነገር ግን ከተሰጠ በኋላ የተባለውን ሁሉ ከበሽተኛው ጭንቅላት ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሰው የሚለውን ብሎ እስኪጨርስ ትጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን ወሬውን ለማስቆም ብላ ቶሎ ሰጠቻቸው።

የእናት ፊት ፈታ አለ። እጇን ያዙት።

"ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። ስለ እሷ የምለፈልፈው ፈርቼ ነው። እዚህ የተጋደምኩት አንቺ ስላለሽ ነው። አባትሽ ከሞተ ጀምሮ ቤቱን የተሸከምሽው አንቺ ነሽ። አንድ ቀን እንኳ አልነገርኩሽም። በድዬሻለሁ።"

ታላቂቱ መርፌውን አየችው። ባዶ ነው።

"እማዬ፣ ይህንኑ ስትነቂ ንገሪኝ። እሷም ባለችበት።"

"እነግርሻለሁ። ምን ገዶኝ!" አሉና ዓይናቸው ተከደነ።

ቀዶ ጥገናው አማረ። ታላቂቱ ትንፋሻቸውን ስትጠብቅ ዋለች፤ ምናልባት አንዲት ቃል ትተርፍ ይሆናል እያለች እንደ ተማሪ ተመኘች። እሷ ራሷ ለስንቱ በሽተኛ ዘመድ "አትድከሙ፣ አያስታውስም" ብላ አስረድታለች።

እናት ሲነቁ ሁለቱም አልጋው አጠገብ ነበሩ።

"እማዬ፣ ልትነግሪኝ ያልሽው ነገር ነበር" አለች ታላቂቱ።

"እኔ? ምን ብዬሽ?" እናት ግራ ተጋብተው አዩዋት። ከዚያ ዓይናቸው ታናሺቱ ላይ አረፈ፤ ፊታቸው በራ። "መጣሽልኝ፣ የኔ ጀግና! ነፍሴን አተረፍሽልኝ!"

ታናሺቱ እናቷን ስማ ወደ እህቷ ዞረች። "ምን ብላሽ ነበር?"

ታላቂቱ አፏን ከፈተች። ብትናገር ማን ያምናታል? በመድኃኒት የቀባዠሩት ነው ይሉባታል፤ ያውም ራሷ በሰጠችው መድኃኒት።

"ስላንቺ ነው ያወራችው" አለች። "ስታሞግስሽ ነበር።"

ታናሺቱ ሳቀች፤ አመነቻት። ለምን አታምን?