ሪሻ የመረጠቻት ልጅ

ማዳም ሉጥፊያ የምትለው እንዲህ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከብስኩት ፓኮ የወጣው የወርቅ ካርድ ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ተለጥፎ ነበር። ልጇ ኒዕማ ትምህርት ቤት ስትሄድ ስማው ነው የወጣችው። ከሰዓት ስትመለስ ካርዱ የለም። በዚህ መሃል ቤቱ ውስጥ የነበረችው ሠራተኛዋ ይመኙሻል ብቻ ናት። ረቡዕ ደግሞ የይመኙሻል ልጅ ገሊላ እዚያው ግቢ ውስጥ የወርቅ ካርድ ይዛ ስትዘል ታየች።

ይመኙሻል የምትለው ሌላ ነው። የፍሪጁን በር በየቀኑ ትወለውላለች፤ ማክሰኞ ስትወለውል ማግኔቱ እንጂ ካርዱ አልነበረም። ገሊላ የያዘችው ሰኞ ከሰዓት እዚህ ካርቱም፣ ሳሃፋ ሰፈር ካለው ከከቢር ሱቅ ከገዛችው ብስኩት ውስጥ የወጣ ነው። ልጅቷ ሱቁ ደጃፍ ላይ በደስታ ስትጮኽ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

ሁለቱንም ከየራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ። ማዳም ሉጥፊያ ሆን ብላ የምትዋሽ አልመሰለኝም። ይመኙሻል እንደማትዋሽ ግን በእርግጠኝነት አውቅ ነበር። ያንን ብስኩት ለገሊላ የሸጥኩላት እኔ ነኝ፤ ስሸጥላት ውስጡ ምን እንዳለም አውቅ ነበር።

ሪሻ ብስኩቱ ላይ የተሳለችው ልጅ ናት። ፀጉሯ ላይ ሰማያዊ ላባ ሰክታለች። በዚያ ዓመት፣ በ2014፣ በየምሽቱ ከዜና በፊት በቴሌቪዥን ትመጣና ጣቷን ወደ ተመልካቹ ቀስራ «አንቺን መርጫለሁ» ትላለች። በየፓኮው ውስጥ አንድ ካርድ አለ። የወርቁ የወጣላት ልጅ አዳራሽ ተጋብዛ፣ መድረክ ላይ ከሪሻ ጋር ትቆማለች። አከፋፋዩ መጀመሪያ በነፃ ያደለን ላባ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳሃፋ ላይ ያለ ላባ የምትሄድ ትንሽ ልጅ ጠፋች። ገሊላ ላባውን አድርጋ ነው የምትተኛው። እናቷ ግድግዳው ላይ ከሰቀለቻት የማርያም ሥዕል ጎን ሪሻን ለጥፋለች። ይመኙሻል ታወርዳታለች፤ በማግስቱ ሪሻ ተመልሳ እዚያው ናት።

የወርቁን ካርድ በጣት መለየት ያስተማረኝ ከቢር ነው። ተራው ካርድ ስስ ወረቀት ነው። የወርቁ ግን ጠንካራ ስለሆነ የፓኮውን ጥግ በአውራ ጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይገፋል። አዲስ ካርቶን በመጣ ቁጥር እየዳሰስኩ የወርቆቹን ለይቼ፣ ከባንኮኒው ሥር ባለ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ከሀብታሞቹ ሰፈሮች፣ ከጣኢፍና ከማንሺያ፣ በካርቶን ለሚገዙ ቤቶች ሾፌራቸው ሲመጣ አንዱን ከላይ እናደርግለታለን። «ልጅቷ ከኛ ሱቅ ካገኘች እናትየው ሌላ ሱቅ አትሄድም» ይላል ከቢር። የኒዕማም ካርድ ከዚያው ጣሳ የወጣ ነው።

ገሊላ ወር ሙሉ የቁርሷን እያጠራቀመች ስትገዛ አንድም ቀን አልወጣላትም። ሰኞ ዕለት የከፈተችውን ፓኮ አጣጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና፣ «ነቢዩ፣ ሪሻ ሐበሻ አትመርጥም እንዴ?» አለችኝ። እጄ ወደ ጣሳው ሄደ።

ሐሙስ ረፋድ ይመኙሻል ልጇን እየጎተተች ሱቁ ገባች።

«ነቢዩ ወንድሜ፣ እስከ አሥር ሰዓት ነው ያለችኝ። ካርዱን ካላመጣሽ ሹርጣ እጠራለሁ አለች። ፓስፖርቴ እሷ ጋ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማው እሷ ጋ። ፖሊስ ቢይዘኝ ማን ነኝ እላለሁ?»

«ካርዱን ብትሰጫትስ?»

«ብሰጣትማ ሰርቄያለሁ ማለት አይደል? ስድስት ዓመት ቁልፏን ጥላልኝ አገር ለአገር ትዞራለች። አንዲት ማንኪያ ጎድሎባት አያውቅም! ደግሞስ ይቺ ትሰጥ መሰለህ? እስቲ ጠይቃት።»

ገሊላ እጇን ደረቷ ላይ ጫነች። ካርዱ ከቀሚሷ ሥር ነበር።

«ወላሂ አልሰጥም። ሪሻ እኔን መርጣለች። ኒዕማን መርጣ ከሆነ ለምን ጠፋባት?»

«ሰማህልኝ? እኔ እስር ቤት ልገባ ነው፣ እሷ ስለ ላባዋ!»

«አትገቢም ማማ። ሪሻ ታውቃለች። አትፈቅድም።»

ይህን ስትል አልፈራችም። እኔን ያስፈራኝ ያ ነው።

እናትና ልጅ በር ላይ ካለው የብስኩት ሣጥን ላይ ተቀመጡ። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ከቢርን አገኘሁት። ከቢር የወሎ ሰው ነው፤ ካርቱም ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ዲግሪዬን ይዤ በመተማ ስገባ ያስጠጋኝ፣ ለኢቃማዬ ዋስ የሆነኝ እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ለማዳሟ እንንገራት።»

«ምኑን?»

«ጣሳውን።»

ሻዩን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ። «ጤና የለህም? ኩባንያው ይህን ቢሰማ በማግስቱ ዕቃ ያቆማል። እነዚያ ሴቶች ልጆቻቸው ላይ እንደቀለድን ቢያውቁ ደጄን ይረግጣሉ?»

«ይመኙሻል ልትታሰር ነው።»

«አዝናለሁ። ከታሰረች ዋስ እሆናታለሁ፣ ወላሂ እሆናለሁ። ሱቄን ግን በገዛ እጄ አላቃጥልም። ቢጠይቁህ ብስኩቱ የታሸገ ነው፣ ውስጡን አላህ ያውቃል በል። ኻላስ፣ በቃ።» ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየና፣ «ኢቃማህ የሚያልቀው በሚመጣው ወር ነው አይደል?» አለኝ። ሊያስፈራራኝ ይሁን እንዲያው ትዝ ብሎት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ የአከፋፋዩ መኪና መጥታ ያልተከፈተ የብስኩት ካርቶን አውርዳ ሄደች። አልነካሁትም። ለደንበኛ ስኳር ስመዝን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። መኪና በቆመ ቁጥር ይመኙሻል ብድግ ትላለች፤ ሲያልፍ ትቀመጣለች። ገሊላ በር ላይ የተለጠፈውን የሪሻን ሥዕል ቀና ብላ እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

ልክ አሥር ሰዓት ላይ ነጭ መኪና ቆመ። ማዳም ሉጥፊያ የኒዕማን እጅ ይዛ ገባች። ኒዕማም ላባዋን አድርጋለች። ሁለቱ ልጆች ተያዩ፤ እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ በአንድ ገመድ ይዘሉ ነበር። ኒዕማ ቶሎ ብላ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀች።

«ልበድላት አልፈልግም» አለች ማዳም ሉጥፊያ በዐረብኛ፤ ድምፅዋ ደክሟል። «ከዚህ ነው የገዛነው ትላለች፤ የጎረቤቶቿ ወሬ ብቻ ግን አይበቃኝም። ልጄ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። የሱቁ ባለቤት አንተ ነህ፣ እውነት ከዚህ ወጥቷል?»

ከቢር እጁን ዘረጋ። «ማዳም፣ የታሸገ ነው። ውስጡን አላህ ያውቃል።»

«እንግዲያው ማንም አያውቅም ማለት ነው።» ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

ይመኙሻል አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፋችና ልጇን ወደኔ ገፋ አደረገቻት፤ አንተ ጠብቅልኝ ማለቷ ነበር። ገሊላ እጄን ያዘች። ወደ ስልኩ አልዞረችም። ዓይኗ በር ላይ ካለችው ሪሻ ላይ ነው፤ እንድትደርስላቸው ትጠብቃለች።

በዐረብኛ መናገር ነበረብኝ። ገሊላ ደግሞ ከአማርኛ ይልቅ ዐረብኛ ነው የሚገባት። ከእሷ የምደብቅበት ቋንቋ አልነበረኝም። እጄን ከእጇ አላቀቅኩና ያልተከፈተውን ካርቶን አንስቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ከቢር «ነቢዩ!» ሲል ሰማሁት።

«ማዳም፣ ስልኩን አንድ አፍታ ያቆዩልኝ» አልኩ። «ገሊላን የመረጥኳት እኔ ነኝ፤ የወርቁን ፓኮ ሰኞ ዕለት አውቄ ነው የሸጥኩላት። ኒዕማንም የመረጥኳት እኔ ነኝ፤ ሪሻ አይደለችም። ይህን ካርቶን አሁን እዚሁ ፊታችሁ እከፍተዋለሁ፤ ፓኮውን ሳልቀድ የወርቁን በጣቴ ለይቼ አወጣላችኋለሁ። ቆማችሁ እዩ።»